ከወንዝ ዳር እስከ ቤተ ሙከራ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምር ታሪክ

መግቢያ

በአገራችን የዘመናዊ ሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከወንዝ ዳር ተነሥቶ እስከ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተጓዘ የምርምር ውጤት ቢፈለግ፣ በመጀመሪያ ከሚጠቀሱት አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በእንዶድ ላይ ያካሄዱት ጥናት ነው። የታሪኩ መነሻ በብዙ መምህራን ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ በክፍል ውስጥም በምሳሌነት ይነገራል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የግኝቱ ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለፉት ዓመታት፣ ማለትም አንድ የዓይን ምልከታ ወደ ማስረጃ፣ ማስረጃው ወደ መስክ ሙከራ፣ ሙከራውም ወደ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሸጋገር የተደረገው ጥረትና የገጠመው መሰናክል እምብዛም አይወሳም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የተዘነጋ ክፍል መመርመር ነው። የሚነሣውም ጥያቄ አንድ ነው። በ1964 የታወቀ፣ በገዛ ምድራችን የሚበቅል፣ ዋጋው አነስተኛ የሆነና በመስክ የተሞከረ የበሽታ መከላከያ ስለ ምን አገር አቀፍ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ? ጥያቄው የጤና ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የምርምር ተቋም ለሚያቅደውም፣ ሳይንስን ለሚያስተምረውም ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው ጠባይ

ምርምሩ ያነጣጠረው ቢልሃርዚያ በተባለው በሽታ ላይ ነው። የበሽታው ስም የተወሰደው በ1851 ካይሮ ውስጥ ጥገኛ ትሉን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በኢትዮጵያ የበሽታው ሁለት ዓይነቶች ይገኛሉ። አንደኛው አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ሲሆን፣ በደጋና በወይና ደጋ ጅረቶች አካባቢ፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻና እንደ ወንጂ ባሉ የመስኖ እርሻዎች ታይቷል። ሁለተኛው የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ሲሆን፣ እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ስፍራዎች ይገኛል።

ትሉ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። በበሽታው የተያዘ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ወደ ውኃ ሲገባ፣ አብሮት የወጣው ዕንቁላል ተፈልፍሎ ጥቃቅን እጮች ይወጣሉ። እነዚህ እጮች በሕይወት ለመቆየት የተወሰነ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለባቸው። በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ከተራቡ በኋላ መልካቸውን ለውጠው በብዛት ወደ ውኃው ይወጣሉ፤ ውኃው ውስጥ የገባውንም ሰው ቆዳ በስተው ወደ ሰውነቱ ይዘልቃሉ። ስለዚህ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ፣ ከሁሉም ይልቅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ለበሽታው ተጋላጮች ናቸው። በሽታው ቶሎ የሚገድል አይደለም። ነገር ግን ደም በማሳነስ፣ ጉልበት በማድከምና የልጆችን ዕድገት በማቀጨጭ ለዓመታት ይጎዳል። በክፍል ውስጥ ፈዝዞ የሚቀመጥ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ እንዳልሆነ በበሽታው አካባቢ ያስተማረ መምህር ይረዳዋል።

ከዚህ የሕይወት ዑደት እንደምንረዳው ሰንሰለቱን በሦስት ስፍራ መበጠስ ይቻላል። እነርሱም የታመመውን ሰው በመድኃኒት ማከም፣ ዓይነ ምድርና ሽንት ወደ ውኃ እንዳይገባ መከልከል፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ናቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት የነበሩት መድኃኒቶች ለአካል አስቸጋሪ ስለ ነበሩ ለብዙ ሕዝብ ለማዳረስ አይመቹም ነበር። የመጸዳጃ ቤትና የንጹሕ ውኃ ሥራም ረጅም ጊዜና ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። ስለሆነም ሊቃውንቱ ዓይናቸውን ያሳረፉት በቀንድ አውጣው ላይ ነበር። ለዚህም የተመረጠው ባየር በተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ኒክሎሳማይድ የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ ድሀ አገሮች በውጭ ምንዛሪ ካልገዙት በቀር ሊያገኙት የማይችሉት ነበር።

በዓድዋ የታየው ነገር

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1935 ነው። በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በ1964 እንደ ፈጸሙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ስለ ቢልሃርዚያ ስርጭት ለማጥናት ወደ ዓድዋ በሄዱ ጊዜ፣ በከተማው አካባቢ በሚፈስ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አገኟቸው። ከልብስ ማጠቢያው ስፍራ በታች የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ብዛት ከሌላው የወንዙ ክፍል የበለጠ መሆኑንም አስተዋሉ። ከዚህም በኋላ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ተለቅመው የእንዶድ አረፋ እንዲነካቸው ቢደረግ ወዲያው ሞቱ።

እንዶድ ለማንም ኢትዮጵያዊ እንግዳ ተክል አይደለም። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ነጠላና ጋቢን ለማንጣት ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል ኖሯል። የሕክምና አዋቂዎችም ለልዩ ልዩ ሕመም ይጠቀሙበታል። እንግዲህ በዓድዋ አዲስ የሆነው ተክሉ ሳይሆን ጥያቄው ነበር። ሴቶቹ እንዶድን ያውቁታል፤ ምሁሩም ቀንድ አውጣውን ያውቁታል። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ወንዝ ዳር በተገናኙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሊሰጠው የማይችለው ውጤት ተገኘ።

ቢሆንም ቅሉ በወንዝ ዳር የታየ ነገር ብቻውን ሳይንስ አይባልም። ዶክተር አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ፍሬውን በቤተ ሙከራ መርምረው፣ የመጀመሪያውን አጭር ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ጥናቱ እንዳሳየው በአንድ ሚሊዮን ክፍል ውኃ ውስጥ ጥቂት ዐሥር ክፍል ያህል የእንዶድ ዱቄት ቢጨመር ቀንድ አውጣውን በአንድ ቀን ውስጥ ይገድላል። ከዚህም ሌላ ዱቄቱ በውኃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ኃይሉን አጥቶ ይበሰብሳል።

የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መቋቋም

አንድ ሰው ብቻውን ተክል ሊመረምር፣ ቀንድ አውጣ ሊያረባ፣ የሕዝብ ዓይነ ምድር ሊመረምር፣ የኬሚስትሪ ትንተናም ሊያካሂድ አይችልም። ዶክተር አክሊሉ ይህን በመገንዘብ በ1966 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ተቋም ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ኢንስቲትዩቱ ሥራውን በእንዶድ ብቻ አልወሰነም። ካላ አዛርን በመሳሰሉ ሌሎች ጥገኛ ተሐዋስያን በሚያመጧቸው በሽታዎች ላይም ምርምር አድርጓል። ስሙም በኋላ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሏል።

በዶክተር አክሊሉ የሥራ ታሪክ ውስጥ ይህ እርምጃ ከግኝቱ የማያንስ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ግኝት በአንድ ሰው አስተዋይነት ሊገኝ ይችላል። ግኝቱን ሰው ቢለዋወጥም፣ ገንዘብ ቢያንስም ተሸክሞ የሚቀጥለው ግን ተቋም ነው።

የአምስት ዓመቱ የዓድዋ ሙከራ

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ ከተማ ሰፊ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። በአካባቢው የተሰበሰበው የእንዶድ ፍሬ እየተፈጨ በተወሰነ ጊዜ በወንዞቹ ውስጥ ተጨመረ፤ የሕዝቡም ጤና ከሙከራው በፊትና በኋላ ተመረመረ። ከ17000 ያህል ሕዝብ መካከል በበሽታው የተያዘው 63 በመቶ ያህል የነበረው ወደ 34 በመቶ ገደማ ዝቅ አለ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የታየው ለውጥ ግማሽ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሕፃናቱ ላይ የታየው ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። ምክንያቱ በትሉ ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ጥገኛ ትሉ በሰው ደም ሥር ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ወንዙ ዛሬ ቢጸዳም ቀደም ሲል የታመመው ጎልማሳ ሕክምና እስካላገኘ ድረስ ለጊዜው በሽተኛ ሆኖ ይቆጠራል። ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደው ሕፃን ግን አሮጌ ትል የለበትም፤ ከተያዘ የተያዘው በእነዚያው ዓመታት ነው። እንግዲህ የወንዙን ሁኔታ በትክክል የሚመሰክረው የሕፃኑ ቁጥር ነው። አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ የሚያይ ዕቅድ አውጪ ሙከራው በከፊል ብቻ እንደ ተሳካ ሊቆጥረው ይችል ነበር። ቁጥሩን በዕድሜ ከፍሎ የሚያይ ግን አዲስ የበሽታ መተላለፍ በብዙ እንደ ቀነሰ ይረዳል። ይህ አስተያየት ለጤና ብቻ ሳይሆን የትምህርት ስታቲስቲክስን ለሚያነብም የሚጠቅም ነው።

ማስረጃው ስለ ምን አልበቃም?

የዓድዋው ሙከራ በተጀመረ በዓመቱ፣ ማለትም በ1970፣ ዶክተር አክሊሉ የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤታቸውን በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳተሙ። በዚያው ጊዜ ገደማ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባደረጉት ሥራ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ከፍሬው ተለየ፤ ከንጥረ ነገሮቹም አንዱ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ውጤቱ በታወቀ መጽሔት መታተሙና ንጥረ ነገሩ መለየቱ ግን ወደ ሥራ ለመሸጋገር በቂ አልሆነም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ለጋሾች እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት በታወቀ ደረጃ፣ ዕውቅና ባለው ቤተ ሙከራ እስካልተፈተነ ድረስ ሊደግፉት አልፈቀዱም። እንዲህ ያለውን ፈተና ለማካሄድ የሚያስፈልገው መሣሪያና ገንዘብ ደግሞ በአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ አልነበረም። ገንዘቡን ሊሰጡ የሚችሉት ወገኖችም ፈተናው አስቀድሞ እንዲጠናቀቅ ይጠይቁ ነበር። በዚህ ዓይነት ጉዳዩ መውጫ በሌለው ክብ ውስጥ ሲዞር ዓመታት አለፉ።

በዚህ ጉዳይ ፍርድ ለመስጠት ሁለቱንም ወገን መመልከት ይገባል። በአንድ በኩል የደኅንነት ፈተና መጠየቁ ራሱ ስሕተት አይደለም። በሕዝብ የመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚጨመር ማናቸውም ነገር መፈተን አለበት፤ እናቶቻችን ልብስ ስላጠቡበት ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። እንዶድ ቀንድ አውጣውን በሚገድልበት መጠን ዓሣንም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል ግን ስለማያጠፋ እየተደጋገመ መጨመር ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ዶክተር አክሊሉ በኋላ ዘመን ደጋግመው እንደ ገለጹት፣ በአፍሪካ ለሚካሄድ ምርምር ትልቁ እንቅፋት የገንዘብና የመሣሪያ እጦት ብቻ አልነበረም። ከድሀ አገር የሚመጣ ሳይንስ በበለጸጉት አገሮች ባለሙያዎችና ድርጅቶች ዘንድ በጥርጣሬ መታየቱም ሌላው መሰናክል ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ደንቡ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡን ለማሟላት የሚያስችለው መንገድ ግን ለሁሉም እኩል የተከፈተ አልነበረም።

ክቡ መሰበር የጀመረው በ1980ዎቹ ውስጥ ነው። በ1983 በዛምቢያ ርዕሰ ከተማ በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በወቅቱ ስዋዚላንድ ትባል በነበረችው በኢስዋቲኒ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች ተደረጉ። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል በሰጠው ድጋፍም የደኅንነቱ ፈተና በታወቀው ደረጃ ተካሄደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታወቀው ውጤት እንደ ሳሙና ዓይንን ከማስቆጣቱ በቀር አሳሳቢ ጉዳት እንዳልተገኘበት የሚያመለክት ነበር። ከዓድዋው ምልከታ እስከዚህ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። በ1964 በዓድዋ ወንዝ ውስጥ ይዋኝ የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ ጊዜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

የዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ድርሻ

የእንዶድ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ተደርጎ መነገር የለበትም። ለሕዝብ ጤና የሚበቃ ፍሬ ከጫካ በመልቀም ሊገኝ አይችልም። ተክሉ መመረጥ፣ መባዛትና መታረስ አለበት። ይህን ሥራ የያዙት የግብርና ሊቅ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያወዳደሩ፣ በፍሬ ምርታቸውና ቀንድ አውጣ በመግደል ኃይላቸው የተሻሉትን መረጡ። ከእነዚህም እጅግ የታወቀው ዓይነት 44 የተባለው ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የእንዶድ ተክል ወንዴና ሴቴ የተለያዩ ስለሆኑ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ችግኙም ለፍሬ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ነፍሳትም ያጠቁታል። ግኝቱ በቤተ ሙከራ ቢጸናም በእርሻ ካልተደገፈ ገበሬውም ጤና ጣቢያውም ሊጠቀሙበት አይችሉም። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ለዶክተር አክሊሉና ለዶክተር ለገሠ በጋራ የተሰጠው ስለዚህ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በዚህ ጊዜ ከአገር ውጭ ይሠሩ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ካገለገሉ በኋላ፣ በኢጣልያ ፍሎሬንስ ከተማ በሚገኘው በዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። ያረፉትም በ1997 ነው።

የባለቤትነት ጥያቄ

በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ዜብራ መስል የተባለ ከምሥራቅ አውሮፓ ባሕሮች የመጣ ዛጎል ለበስ እንስሳ ተገኘ። እንስሳው በውኃ ቧንቧዎች ውስጥ እየተጣበቀ የፋብሪካዎችንና የከተሞችን የውኃ መስመር ይዘጋ ጀመር። ዶክተር አክሊሉ በ1990 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በሚገኘው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተገኙ ጊዜ፣ እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል ከዩኒቨርሲቲው ምሁራን ጋር በተደረገ ሙከራ ታወቀ። በ1993ም ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ የፓተንት መብት አገኘ፤ ከፈልሳፊዎቹም አንዱ ዶክተር አክሊሉ ነበሩ።

ለድሀ ሕፃናት ጤና ለሩብ ምዕተ ዓመት ደጋፊ ያጣው ተክል የፋብሪካ ቧንቧ ለማጽዳት ሲፈለግ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሕግ ባለመብት አገኘ። ጉዳዩም የድሀ አገሮች ሕዝብ ስላከማቸው ዕውቀትና ስለ ተክሎቻቸው ባለቤትነት በዓለም ላይ በተነሣው ክርክር ውስጥ በምሳሌነት ተጠቅሷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የውጭውን ወገን መውቀስ ብቻ አይደለም። አገር የራሷን ዕውቀት በጊዜው መዝግባ፣ አጥንታና በሕግ አስጠብቃ ካልያዘች ሌላው እንደሚቀድማት ማወቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው

የደኅንነቱ ፈተና በተጠናቀቀ ጊዜ ሁኔታው ተለውጦ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፕራዚኳንቴል የተባለ በአንድ ጊዜ የሚዋጥና ብዙም ችግር የማያስከትል መድኃኒት በመገኘቱ የቢልሃርዚያ መከላከያ ስልት ከወንዙ ወደ ሰው ዞረ። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2001 ባሳለፈው ውሳኔ ለበሽታው ከተጋለጡት በትምህርት ዕድሜ ካሉ ልጆች ቢያንስ 75 በመቶ የሚሆኑት በየጊዜው መድኃኒት እንዲያገኙ ግብ አስቀመጠ። በኢትዮጵያም በ2015 በትምህርት ቤቶች አማካይነት መድኃኒት የማደል አገር አቀፍ ሥራ ተጀመረ። በዚህ አኳኋን መምህሩ የበሽታው መከላከያ ዋነኛ እጅ ሆነ።

መድኃኒቱ ግን የታመመውን ይፈውሳል እንጂ ወንዙን አያጸዳም። ክኒኑን የዋጠ ልጅ በማግስቱ ወደዚያው ውኃ ቢገባ እንደ ገና ይያዛል። ስለሆነም የንጹሕ ውኃ፣ የመጸዳጃ ቤትና ቀንድ አውጣን የመቆጣጠር ጉዳይ ሊዘነጋ አይችልም፤ የእንዶድም ጥያቄ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በመግቢያው ላይ ለተነሣው ጥያቄ እንግዲህ መልስ መስጠት ይቻላል። እንዶድ ሰፊ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረው ዕውቀት ጎድሎ አይደለም። ግኝቱን፣ ፈተናውን፣ እርሻውን፣ የሕግ ጥበቃውንና የሕዝብ ጤና አገልግሎቱን የሚያያይዘው ሰንሰለት በአንድ ጊዜ ባለመሟላቱ ነው። አንዱ ቀለበት ሲገኝ ሌላው ይጎድል ነበር፤ ሁሉም ወደ መሟላት ሲቃረብም ጊዜው አልፎ ነበር።

ከዚህ በመነሣት ዕቅድ አውጪው ለአንድ ምርምር ገንዘብ ሲመድብ ጥናቱ ከታተመ በኋላ ማን ይፈትነዋል፣ ማን ያመርተዋል፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ይረከበዋል የሚለውን ከመነሻው ሊወስን ይገባል። ይህ ሳይደረግ የሚመደብ ገንዘብ ጥናቱን ከመደርደሪያ በላይ አያሳልፈውም።

መምህሩ ደግሞ ታሪኩን ሲያስተምር የዕድለኛ ምሁር ተረት አድርጎ እንዳይተወው ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ ውኃው ውስጥ ሳይገቡ የአካባቢያቸውን ወንዝ ካርታ ይንደፉ፤ ሰው የሚቀዳበትን፣ ልብስ የሚታጠብበትን፣ ከብት የሚጠጣበትንና ሜዳ የሚወጣበትን ስፍራ ያመልክቱ። የበሽታውን ዑደት በዚሁ ካርታ ላይ ይከተሉ፤ ሰንሰለቱ በየትኛው ስፍራ ቢበጠስ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሰው እንደሚድን ይከራከሩ። እናቶቻቸው ስለ ተክሎች የሚያውቁትንም ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ከዚያም የተነገራቸውን እንዴት መፈተን እንደሚቻል ያስቡ። ጠይቆ መመዝገብ ያለ ፈተና ወግ ሆኖ ይቀራል። ፈተናም ያለ ጥያቄ የሌላውን ሥራ መድገም ይሆናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ሁለቱን አጣምረው ስለ ያዙ፣ ሥራቸው በሙሉ ፍሬ ባያፈራም ለሚከተላቸው ሁሉ መንገዱን አሳይቷል።